ባዮሎጂን ከመጀመሪያ ድግሪ እስከ ማስተርስ በአንድ ጉዞ፦ ከወሎ ለሚነሳ ተማሪ የአሠራር መመሪያ

ይህን መመሪያ የምጽፈው በደሴ፣ በወልድያ ወይም በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ለሚማሩ፣ እንዲሁም በወሎ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ውጭ አገር ለመማር ለሚያስቡ ልጆች ነው። ጉዳዩ የመጀመሪያና የሁለተኛ ድግሪን አጣምሮ መማር ነው፤ ለየብቻ ሲማሩት ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚወስደውን በአምስት ዓመት መጨረስ።

ተማሪዎች ስለዚህ ሲሰሙ ቶሎ የሚጠይቁት «ስንት ዓመት ይቀንስልኛል?» ብለው ነው። እኔ ግን «የምታጠኑት ጥያቄ ይዛችኋል ወይ?» እላቸዋለሁ። በባዮሎጂ ጊዜ የሚበላው ክፍል ውስጥ የሚወሰደው ኮርስ አይደለም። ዝናብ መጠበቅ፣ እህሉ እስኪበቅል መቆየት፣ ናሙና ማድረቅ፣ ያልሠራውን ሙከራ መድገም ነው ጊዜ የሚፈጀው። ጥያቄውን በሁለተኛ ዓመት የያዘ ተማሪ የትም ቢማር ይፈጥናል። ጥያቄ ሳይኖረው ፈጣን ፕሮግራም ውስጥ የገባ ደግሞ ኮርሱን ጨርሶ ቴሲሱ (የማስተርስ መመረቂያ ጥናቱ) ላይ ይቆማል። ከዚህ በታች የማስቀምጠው ቅደም ተከተል በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

1. መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

የተጣመረ ፕሮግራም በስፋት የሚገኘው አሜሪካ ነው፤ «አራት ሲደመር አንድ» እያሉም ይጠሩታል። እዚያ የመጀመሪያ ድግሪ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው፤ የባዮሎጂ ማስተርስ ደግሞ 30 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ክሬዲት ይጠይቃል። ለየብቻ ቢወሰዱ ድምሩ 150 ይሆናል። የተጣመረው ፕሮግራም የሚሰጠው ጥቅም የተወሰኑ የድኅረ ምረቃ ኮርሶችን በአራተኛ ዓመት አስወስዶ ለሁለቱም ድግሪ መቁጠሩ ነው። በብዙ ቦታ ለሁለቱም የሚቆጠረው ከ9 እስከ 12 ክሬዲት ነው።

12 ክሬዲት ተቆጠረላችሁ እንበል። ከማስተርሱ 30 ክሬዲት 18 ይቀራል። አንድ የማስተርስ ተማሪ በሴሚስተር 9 ክሬዲት ከያዘ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ነው፤ ስለዚህ 18 ክሬዲት በሁለት ሴሚስተር፣ ማለትም በአንድ ዓመት ያልቃል። የፕሮግራሙ ምስጢር ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ አንዱ ኮርስ ቢወድቅባችሁ ወይም ከ«ቢ» በታች ብታመጡና ለማስተርሱ ሳይቆጠር ቢቀር አምስት ዓመቱ አምስት ዓመት ተኩል ይሆናል። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሴሚስተር በሴሚስተር ዘርዝራችሁ አስቀምጡት፤ አማካሪ ፊት ስትቀርቡም ያን ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ።

እንግሊዝ አገር መልኩ ይለያል። ተማሪው ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጠቃለለ ማስተርስ ውስጥ ይገባና አራት ዓመት ይማራል፤ የመጨረሻው ዓመት በአብዛኛው ምርምር ነው። በስኮትላንድ አምስት ዓመት ይሆናል። እዚህ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ በእንግሊዙ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ የሚሰጠው አንድ ድግሪ ነው፤ የአሜሪካው ግን ሁለት። ይህ ልዩነት አገር ቤት ተመልሶ ወረቀት ሲያቀርቡ ትርጉም ስላለው መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

በአገራችን የተለመደው መንገድ ሁለቱን ድግሪዎች ለየብቻ መማር ነው። የመጀመሪያ ዓመቱን የጋራ ኮርሶች ጨምሮ ባዮሎጂ አራት ዓመት ይወስዳል፤ ማስተርሱ ሁለት ዓመት ነው፤ አንዱ ለኮርስ፣ ሌላው ለቴሲስ። ክሬዲት ለሁለት ባይቆጠርም በአገር ቤቱ መንገድ ሊቆጠብ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ የቴሲሱ ጊዜ። ብዙ ተማሪ ሁለት ዓመት የተባለውን ማስተርስ ሦስትና አራት ዓመት የሚያደርሰው ኮርስ ከብዶት ሳይሆን ቴሲሱን ከዜሮ ስለሚጀምር ነው።

2. የትኛው መንገድ የእናንተ እንደሆነ ወስኑ

አሥራ ሁለተኛን ገና የጨረሳችሁ ከሆነና ጠንካራ ውጤት ካላችሁ የውጭውን የተጣመረ ፕሮግራም መሞከር ትችላላችሁ። ግን አንድ ነገር እወቁ፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ተጣመረው ፕሮግራም የሚያስገቡት ብዙውን ጊዜ የራሳቸውን የመጀመሪያ ድግሪ ተማሪ ነው። መጀመሪያ እንደማንኛውም ተማሪ ትገባላችሁ፤ ወደ ጥምሩ ፕሮግራም የምታመለክቱት ሦስተኛ ዓመት አካባቢ፣ የተወሰነ ክሬዲት ካጠናቀቃችሁና አማካይ ውጤታችሁ 3.0 ወይም 3.5 ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ፕሮግራሙ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ውጤቱ ስንት እንደሚጠይቅና ማመልከቻው መቼ እንደሚከፈት ከመግባታችሁ በፊት አንብቡ።

ደሴ ወይም ወልድያ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያላችሁ ልጆች ግን አደራ፣ አንድ ዓመት ለመቆጠብ ብላችሁ የጀመራችሁትን ጥላችሁ ውጭ አገር ከመጀመሪያ አትጀምሩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንባችኋል። ክሬዲት ሲዛወር በሙሉ አይወሰድም፤ በተለይ የላቦራቶሪ ኮርስ የሰዓቱን ብዛትና የተሠሩትን ሙከራዎች የሚያሳይ የኮርስ መግለጫ ከሌለው በቀላሉ ይቀራል። እናንተን የሚያዋጣችሁ እዚህ በርትቶ መመረቅና ከዚያ በቀጥታ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ማመልከት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የባዮሎጂ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ከመጀመሪያ ድግሪ በቀጥታ ይቀበላሉ፤ ወጪውንም በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ይሸፍናሉ። ማስተርስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ ያነሰ ነው። ግባችሁ ፒኤችዲ ከሆነ ይህን ሳታውቁ ለማስተርስ ገንዘብ ፍለጋ ዓመታት አታባክኑ።

ወደ አውሮፓ የሚያዩም አሉ። ኤራስመስ ሙንዱስ የተባሉት የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ማስተርስ ፕሮግራሞች ሙሉ ስኮላርሺፕ አላቸው፤ የኑሮ አበሉ በወር 1,400 ዩሮ ሲሆን እስከ 24 ወር ይሰጣል። በውኃ ሥነ ምህዳር፣ በዕፅዋት ጤናና በመሳሰሉት መስኮች ፕሮግራሞች አሉ። የሚቀበሉት የመጀመሪያ ድግሪውን የጨረሰ ወይም በቅርቡ የሚጨርስ ተማሪ ነው። ይህ ለወሎ ተማሪ ከጥምር ፕሮግራሙ ይልቅ ብዙ ጊዜ የቀረበ በር ነው ብዬ አምናለሁ።

3. ጥያቄውን ከእግራችሁ ሥር ፈልጉ

ይህኛው ደረጃ ዋናው ነው። ላቦራቶሪያችን ጎደሎ መሆኑን አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ዕቃ ተዘርፎባቸዋል፤ ማይክሮስኮፕ በወረፋ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ጥሩ የባዮሎጂ ጥያቄ ለመያዝ ውድ መሣሪያ ግዴታ አይደለም። ወሎ ከአፋር ጠረፍ ቆላ እስከ ከፍተኛ ውርጭ ደጋ ድረስ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ያለ ምድር ነው። ለሥነ ምህዳር ተማሪ ከዚህ የተሻለ የተፈጥሮ ላቦራቶሪ ማግኘት ይከብዳል።

ራያ ቆቦና ግራና ማሽላ አብቃይ ናቸው፤ ገበሬውን የሚያማርረው ደግሞ አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ተጣብቆ የሚመገብ ጥገኛ አረም ነው። አንዷ ተክል በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ፣ እንደ አቧራ የደቀቁ ዘሮች ትሰጣለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ የሚበቅለውም እንደ ማሽላ ካሉ ተክሎች ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲቀሰቅሰው ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው። ከዚህ ታላቅ ሥራ አጠገብ ለአንድ የመጀመሪያ ድግሪ ተማሪ የሚሆን ትንሽ ጥያቄ አለ፦ ገበሬው እንደ ጅጉርቲና ደጋሊት ያሉ የአካባቢ ዝርያዎችን ሲዘራ አቀንጭራው በየትኛው ማሳ ላይ ይበዛል? አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ማዕቀፍ ሥሩ፤ በአንድ ማሳ ላይ በዕጣ በተመረጡ ቦታዎች ላይ ጣሉት፤ በውስጡ ያለውን የአቀንጭራ ብዛት ቁጠሩ፤ የማሽላውን ዝርያ፣ የተዘራበትን ጊዜ፣ ፍግ ወይም ማዳበሪያ መደረጉን መዝግቡ። አቀንጭራ በናይትሮጅን ድሃ በሆነ አፈር ላይ ስለሚበረታ ይህ የመጨረሻው መረጃ እንዳይቀር። በማስተርሱ ጊዜ ይኸው ማሳ ላይ ተመልሳችሁ የዘር ባንኩን፣ ማለትም አፈር ውስጥ የተከማቸውን የአቀንጭራ ዘር፣ አጥባችሁ ልትቆጥሩ፣ ወይም የዘረ መል ሥራ ልትጨምሩበት ትችላላችሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ መሣሪያው ነው የሚያድገው። ከወልድያ በደቡብ በኩል ያለው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በማሽላ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራ ስለሆነ ባለሙያዎቹን ሄዳችሁ አናግሩ።

ሐይቅ ሌላው ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የተጨመረበት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የውኃው ሕይወት መቀየሩ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ቆይቷል። የውኃውን ጥራት፣ ማለትም ምን ያህል ወደ ታች እንደሚያሳይ፣ ለመለካት ሴኪ ዲስክ የሚባል ነገር በቂ ነው፦ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ በአራት ከፍላችሁ ጥቁርና ነጭ ቀቡት፤ መሃሉን ብሱት፤ ክብደት አሥራችሁ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ አንጠልጥሉት። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጀልባው ጥላ በኩል፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። የጠፋበትን ጥልቀት ጻፉ፤ ወደ ላይ ስትስቡ ዳግም የታየበትን ጻፉ፤ አማካዩን ውሰዱ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓመት ከለካችሁ ከአርዲቦ ሐይቅ ጋር የሚነጻጸር መረጃ በእጃችሁ ገባ ማለት ነው። ዋና የማይችል ሰው ግን ያለ ተንሳፋፊ ጃኬትና ያለ አካባቢው ጀልባ ቀዛፊ አይውጣ።

ወደ ቦረና ሳይንት የሚቀርባችሁ ደግሞ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አላችሁ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት በጠቅላላው ከ500 ያንሳሉ። ላስታ ላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራም የቀበሮው መኖሪያ ነው። እዚህ ላይ ግን እንስሳውን ራሱን ለማጥናት አትቸኩሉ፤ ለጀማሪ የሚሻለው የሚበላውን የአይጥ ዝርያ፣ ወይም የግጦሹን ሣር፣ ወይም ውሻና ቀበሮ የሚገናኙበትን ቦታ ማጥናት ነው። ወደ ጤና የምታዘነብሉ ባቲን አስቡ። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው፣ ከእስያ የመጣችና በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ ባቲ ላይም ተገኝታለች። በርሜልና ሮቶ እየዞሩ እጭ መቁጠር ማንም ሊሠራው የሚችል፣ ለከተማዋም የሚጠቅም ሥራ ነው።

ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ገና አልበሰለም።

4. ክረምቶቻችሁን ቁጠሩ

የአምስት ዓመት ዕቅድ በሴሚስተር ይነደፋል፤ የወሎ ባዮሎጂ ግን በዝናብ ነው የሚሄደው። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አቀንጭራ የሚታየው ማሽላው አፈር ላይ ሲሆን ነው፤ አበባ ያለ ወቅቱ አይሰበሰብም። አንዱ ክረምት ካመለጣችሁ የምትጠብቁት አንድ ወር ሳይሆን አንድ ዓመት ነው።

ከሁለተኛ ዓመት መጨረሻ እስከ ማስተርሱ መጀመሪያ ያሉት ክረምቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ለማየት ብቻ ይሁን። ከገበሬ ጋር ውላችሁ እደሩ፣ ስም ተማሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ምንም አትለኩ። ሁለተኛው የሙከራ ልኬት ነው፤ በአምስት ማሳ ላይ ዘዴያችሁን ሞክሩ፤ አንድ ማሳ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እወቁ፤ ቅጹን አስተካክሉ። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ የሚሆነው ይህ ነው። ሦስተኛው ክረምት የመጀመሪያ ድግሪ ጨርሳችሁ ማስተርስ ከመጀመራችሁ በፊት ያለው ነው፤ እውነተኛውን መረጃ የምትሰበስቡት ያኔ ነው። ማስተርሱን በጥቅምት ስትጀምሩ ሌላው ርዕስ እየፈለገ እናንተ መረጃ እየተነተናችሁ ትሆናላችሁ። በውጭ የተጣመረ ፕሮግራም ውስጥ ያላችሁም ብትሆኑ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ የሦስተኛ ዓመት ክረምትን በአንድ መምህር ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳለፈ ሰው ነው አምስተኛ ዓመት ላይ ቴሲስ ጽፎ የሚጨርሰው።

የመስክ መዝገባችሁ የተጠረዘ ደብተር ይሁን፤ ገጹ አይገነጠል፤ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ስሕተት በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየሩ ሁኔታ በየገጹ አናት ላይ ይግባ። በዚያው ዕለት ማታ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት። ቅጂው ቢያንስ ሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ከእናንተ ርቆ በሌላ ከተማ ያለ ሰው ጋር። በዚህ ምድር የሰው የዓመታት ልፋት ከአንድ ኮምፒውተር ጋር አብሮ ሲጠፋ ታይቷልና ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ኢንተርኔት ሲኖር «አር» የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌርና ለካርታ «ኪውጂአይኤስ»ን ከነተጨማሪ ጥቅሎቻቸው አውርዳችሁ በፍላሽ አስቀምጡ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራሉ።

5. አማካሪ ያዙ

በአራተኛ ዓመት ዲፓርትመንቱ እስኪመድብላችሁ አትጠብቁ። የሚያስተምሯችሁን መምህራን ሥራ አንብቡ፤ ጥያቄያችሁ ከማን ሥራ ጋር እንደሚገጥም ለዩ። ከዚያ አጭር ማመልከቻ ይዛችሁ ቢሮ ግቡ። እንዲህ ያለ በቂ ነው፦

«ይድረስ ለዶክተር … ። እኔ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በቆቦ ቆላ ባለፈው ክረምት አቀንጭራ ከአንዱ ማሳ ይልቅ በሌላው ለምን እንደሚበዛ ለማየት ሞክሬያለሁ፤ ያየሁትን በአንድ ገጽ አያይዣለሁ። በሚቀጥለው ክረምት በአምስት ማሳ ላይ ለመለካት አስባለሁ። ዘዴዬን አይተው እንዲያርሙኝ፣ ፈቃድዎ ከሆነም በየወሩ ለግማሽ ሰዓት እንዲያገኙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

መምህሩ ሥራ ቢበዛባቸውና ባይመልሱላችሁ አትቀየሙ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ በትሕትና ጠይቁ። ከዩኒቨርሲቲ ውጭም ሰው አለ። ደሴ ላይ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ አለ፤ ናሙና አያያዝን በተግባር ለማየት ከእነዚህ የተሻለ ቦታ በአቅራቢያችን የለም። ለመግባት ከዲፓርትመንታችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ።

6. ፈቃድና ናሙና

ማሳ ላይ ከመግባታችሁ በፊት የትብብር ደብዳቤውን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ ከዚያ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ ወደ ልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ። ደብዳቤ ግን የቢሮውን በር ብቻ ነው የሚከፍተው። የማሳውን በር የሚከፍቱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ቡና ሲፈላ ተቀመጡ፤ ምን እንደምትፈልጉ፣ ምን እንደማትወስዱ፣ ውጤቱን መቼ እንደምትነግሯቸው ተናገሩ። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «ሸኽ» ብላችሁ በሥርዓቱ ጥሩ። ከመድኃኒት አዋቂ ስለ ዕፅዋት የምትጠይቁ ከሆነ ያ ዕውቀት የእሳቸው ንብረት መሆኑን አትርሱ፤ ፈቃዳቸውን ሳታገኙ አትቅረጹ፤ ስማቸው እንዲወጣ ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቁ።

ተክል ስትሰበስቡ አበባ ወይም ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ በጋዜጣ መሃል ዘርግታችሁ በካርቶንና በእንጨት መሃል አድርጋችሁ በጠፍር አጥብቃችሁ እሠሩ፤ ጋዜጣውን ለመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ቀይሩ። ክረምት ላይ ደሴ እርጥብ ስለሆነች ካልቀየራችሁት ይሻግታል። የተሰበሰበበት ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የአካባቢ ስም፣ የሰብሳቢ ስምና ተራ ቁጥር ያለው ወረቀት አብሮ ይቀመጥ። ዝርያውን እርግጠኛ ካልሆናችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ድረስ ወስዳችሁ አስለዩት።

ዘር፣ አፈር፣ የባክቴሪያ ናሙና ወይም ዲኤንኤ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ መላክ የምትፈልጉ ካላችሁ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቡ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የሚገኝበትን ሥርዓት የሚወስን ሕግ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በሻንጣ ይዞ መሄድ ወንጀል ሊሆንባችሁ ይችላል፤ የውጭው መምህር «ይዘህ ና» ቢልም እንኳ አትስሙት። ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ በዕቅዳችሁ ላይ ወራት ያዙለት።

7. አራተኛ ዓመት

ይህ ዓመት ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ድግሪው አይሰጠውም። የመመረቂያ ፕሮጀክቱም በዚሁ ጊዜ ነው። አገር ቤት ማስተርስ የምትቀጥሉ ከሆነ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውም ይጠብቃችኋል። ፕሮጀክቱን በመጀመሪያው ሴሚስተር ጻፉት፤ መረጃው ባለፈው ክረምት ስለተሰበሰበ ይቻላል። ሁለተኛው ሴሚስተር ለመውጫ ፈተናው ይቅር፤ ለፈተናው ጥናት የአንደኛና ሁለተኛ ዓመት ኮርሶችን በተለይ ጄኔቲክስን፣ የሕዋስ ባዮሎጂንና ሥነ ምህዳርን ከልሱ።

ውጭ የምታመለክቱ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤና የታሸገ ትራንስክሪፕት ያስፈልጋችኋል። የአሜሪካ ብዙ የባዮሎጂ ዲፓርትመንቶች ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መጠየቅ ትተዋል፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይጠየቅ እንደሆነ አረጋግጡ። አዲስ አበባ ያለው የኤጁኬሽን ዩኤስኤ የምክር አገልግሎት በነጻ ያማክራል፤ ገንዘብ አስከፍሎ «አስገባችኋለሁ» ከሚል ደላላ በፊት እዚያ ሂዱ። ሐሳባችሁን በምትገልጹበት ጽሑፍ ላይ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ባዮሎጂ እንደምትወዱ አትዘርዝሩ፤ ያንን የጥያቄያችሁን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለፉትን ክረምቶችና ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉ። ከቆቦ ማሳ የተሰበሰበ የራሱ መረጃ ያለው አመልካች ብዙ አይደለም።

በተጣመረ ፕሮግራም ውስጥ ያላችሁ አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የመጀመሪያ ድግሪ ስኮላርሺፔ አምስተኛውን ዓመት ይሸፍናል ወይ? በብዙ ቦታ የማስተርስ ተማሪ በሆናችሁበት ቀን ያ ድጋፍ ይቆማል። መልሱን በቃል አትቀበሉ።

8. ቴሲስ ወይስ ያለ ቴሲስ

ሁለቱንም የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ። ያለ ቴሲስ የሚሰጠው በኮርስ ብቻ ስለሚያልቅ ይፈጥናል፤ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ወይም በመምህርነት ለመሥራት ለሚፈልግ ይበቃል። ፒኤችዲ የምታስቡ ወይም ተመልሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የምትፈልጉ ግን ቴሲስ ያለውን ምረጡ። እኔ እስካሁን የነገርኳችሁን የክረምት ሥራ የሠራ ሰው ቴሲሱን የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

9. ወረቀታችሁን ሰብስቡ

ከግቢው ከመውጣታችሁ በፊት የሁለቱንም ድግሪ ዋና ቅጂ፣ ቢያንስ አምስት የታሸገ ትራንስክሪፕትና የእያንዳንዱን ኮርስ መግለጫ ከሬጅስትራር ውሰዱ። አገር ቤት ስትመለሱ የውጭ ድግሪን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሁለት ድግሪ ያለው ሰው ሁለቱንም ያቀርባል። አንድ ድግሪ ብቻ በሚሰጠው የተጠቃለለ ማስተርስ የተመረቃችሁ ደግሞ ዲግሪው የመጀመሪያውን ደረጃ እንደሚያጠቃልል፣ ስንት ዓመትና ስንት ክሬዲት እንደሆነ፣ የትኞቹ ኮርሶች የማስተርስ ደረጃ እንደሆኑ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ ጠይቁ። ለሁለቱም ድግሪ የተቆጠሩት 9 ወይም 12 ክሬዲቶችም በትራንስክሪፕቱ ላይ እንዴት እንደታዩ ተመልከቱ፤ በአንዱ ላይ ብቻ የታዩ ከሆነ ያንኑ የሚያስረዳ መስመር በደብዳቤው ውስጥ ይግባ። ይህን ደብዳቤ እዚያው እያላችሁ በአካል ማስጻፍ የሚወስደው ጥቂት ቀን ነው፤ ከደሴ ሆኖ በኢሜይል ማስጻፍ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል።